የካፒቴን ኩክ ሚስት ያልጨረሰችው ሰደሪያ

ጥልፈኛዋ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ቤቶች። ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፣ ቡናችሁን ቀድታችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ በኋላ እንዳንጣላ።

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፣ እንጀራዬ ጥልፍ ነው። ሰሞኑን የድሮ ጥልፎች ፎቶ ሳገላብጥ አንድ የወንድ ሰደሪያ ላይ ዓይኔ ተተክሎ ቀረ። ሲድኒ፣ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው። የተጠለፈበት ነገር ጥጥም ሐርም አይደለም፤ የታሂቲ ሰዎች የዛፍ ልጥ እየቀጠቀጡ የሚሠሩት ታፓ የሚሉት ነው። በላዩ በሐር ክር አበባና ሐረግ ወርዶበታል። ግን አላለቀም። ጠላፊዋ ኤልሳቤጥ ኩክ ትባላለች፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው የካፒቴን ጄምስ ኩክ ሚስት። ባሏ ከሦስተኛው ጉዞው ሲመለስ ቤተ መንግሥት ለብሶት እንዲገባ ነበር የምትሠራው።

ልጥ ላይ የጠለፈ አለ? እኔ ልጥ አላገኘሁም፣ ወፍራም ወረቀት ላይ ግን ሞክሬ አይቻለሁ። ጨርቅ ላይ ስትሳሳቺ ክሩን መዘሽ፣ በጥፍርሽ ፈተግ ፈተግ ስታደርጊው ቀዳዳው ይዋጣል። ወረቀት ላይ መርፌ አንዴ ከገባ ገባ ነው። ጠጋ ጠጋ አድርገሽ ከወጋሽው ደግሞ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይቀደድልሻል። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሐረግ የምታወርድ ሴት እጇ የተፈታ ብቻ ሳይሆን ጊዜ የተረፋት ናት ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ስለ ሴትዮዋ ማንበብ ጀመርኩና እንቅልፍ አጣሁ።

ቀኖቹን ተመልከቱልኝ። ኩክ ሐዋይ ውስጥ ኬአላኬኩዋ በሚባል የባሕር ወሽመጥ የተገደለው ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1779 ነው። መርከቦቹን የተረከበው ምክትሉ ቻርልስ ክለርክ ወሬውን ጽፎ ከካምቻትካ በሩሲያ ምድር አድርጎ ላከው፤ ደብዳቤው ሳይቤሪያን በየብስ አቋርጦ ለንደን የገባው በጃንዋሪ 1780 ነው። አሥራ አንድ ወር! በእኛ አገር መርዶ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገረው፤ ለእሷ መርዶው ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ያን ጊዜ ሰደሪያውን እየጠለፈች ነበር ይባላል። እውነት ከሆነ ከዚያ ጥልፍ ከፊሉ ለሞተ ሰው የተጠለፈ ነው።

ስለ ካፒቴኑ ጉዞ ሁሉም ያወራል። እኔ ስለ ቤቱ ማውራት ፈልጌ ነው። የምታውቁ ጨምሩበት።


ባሕረኛው

ጥሩ ክር ነው፣ ልጄ። እኔ በቀድሞው ባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ ያገለገልኩ ሽማግሌ ነኝ፤ የዚህን ሰው ስም ገና በዕጩ መኮንንነቴ ነው የሰማሁት። ቤቱን ለመረዳት ግን ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኩክ የባላባት ልጅ አይደለም። በ1728 ዮርክሻየር ውስጥ ማርተን የምትባል መንደር ተወለደ። አባቱም ጄምስ ነው ስሙ፤ ከስኮትላንድ የመጣ የእርሻ ቀን ሠራተኛ ነበር። የአባትየው አሠሪ ትምህርት ቤት ከፍሎ አስተማረው። ስቴይዝ በሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ሱቅ ተቀጠረ፤ ሱቅ አልሆነለትም። ከዚያ ዊትቢ ወደብ፣ ጆን ዎከር ከሚባል የኩዌከር እምነት ተከታይ ባለመርከብ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። የተማረው በድንጋይ ከሰል ጫኝ መርከብ ነው፤ ጥቁር አቧራ እየዋጠ ማለት ነው።

አሁን ነገሩ የሚገርመው፦ በ1755 ዎከር የአንዲት መርከብ ኃላፊነት ሊሰጠው ሲል ትቶ ባሕር ኃይል ተራ መርከበኛ ሆኖ ተቀጠረ። 26 ዓመቱ ነው። ሌተናነት ያገኘው በ1768 ነው፣ በ39 ዓመቱ። አስቡት፣ የዘመኑ ሎርድ ልጅ በዚያ ዕድሜ የራሱ መርከብ አዛዥ ከሆነ ቆይቷል። በመካከሉ ያነሣውን ካርታ፣ የኩቤክን ወንዝ፣ የኒውፋውንድላንድን ዳርቻ ስትመለከቱ ነው ያን ሁሉ ያስገኘለት እጁ መሆኑ የሚገባችሁ።

ሚስቱን ያገባው ዲሴምበር 21 ቀን 1762 ነው፣ ባርኪንግ ቅድስት ማርጋሬት ቤተ ክርስቲያን። እሱ 34፣ እሷ ሃያ ግድም። ቤተሰቧ በለንደን ወደብ፣ ዋፒንግ፣ መርከበኞች የሚጠጡበት መጠጥ ቤት ነበራቸው። እንግዲህ ባሕረኛ ምን ዓይነት ባል እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር ማለት ነው። የእኔ ባለቤት እንኳ ሳታውቅ ነው የገባችበት።


ኮኮቤ

ጋሼ 😂 እማማ ይህን መድረክ አያነቡም አይደል?


ባሕረኛው

ታነባለች። ስለዚህ ነው ያሳጠርኩት።


ሒሳብ_መምህር

አንዳንድ ቦታ «17 ዓመት በትዳር ኖሩ፣ አብረው የኖሩት ግን 4 ዓመት ብቻ» የሚል ይጻፋል። ቁጥር ስለማልወድ ሳይሆን ስለምወድ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት።

ከዲሴምበር 1762 እስከ ሞተበት ፌብሩዋሪ 1779 ያለው 16 ዓመት ከ2 ወር እንኳ አይሞላም። 17 አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው ጁላይ 12 ቀን 1776 ነው፤ እስከዚያ 163 ወር። ከዚህ ላይ የመጀመሪያውን የዓለም ዙሪያ ጉዞ (ከኦገስት 1768 እስከ ጁላይ 1771) እና ሁለተኛውን (ከጁላይ 1772 እስከ ጁላይ 1775) ቀንሱ፦ 71 ወር። ቀረ 92። ከ1763 እስከ 1767 በየዓመቱ ክረምት ሲያልፍ ኒውፋውንድላንድ ካርታ ሊያነሣ ይሄድና ኅዳር አካባቢ ይመለስ ነበር። አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው 6 ወይም 7 ወር ብንል ከ30 እስከ 35። የቀረው ከ57 እስከ 62 ወር ነው። አምስት ዓመት ግድም፣ እሱም ቢሮ የዋለበትንና መርከብ ሲያሰናዳ የሰነበተበትን ጨምሮ።

በዚያ አምስት ዓመት ስድስት ልጅ። አሁን ደግሞ የልጆቹን መወለጃ ከመርከቦቹ መነሻ ጎን አስቀምጡት።

ኢንዴቨር በኦገስት 1768 ተነሣች፤ ጆሴፍ የተወለደው በዚያው ሰሞን ነው፣ ሴፕቴምበር 13 ሞተ። ሬዞሉሽን በጁላይ 1772 ተነሣች፤ ጆርጅ ክርስትና የተነሣው በዚያው ሳምንት ነው፣ ኦክቶበር 1 ሞተ። ሬዞሉሽን እንደገና በጁላይ 1776 ተነሣች፤ ሂዩ የሁለት ወር ሕፃን ነበር። እሱ አደገ። አባቱን ግን አያውቀውም።

ሁለቱን ሕፃናት የቀበረቻቸው ብቻዋን ነው። አባትየው ጆሴፍ የሚባል ልጅ ተወልዶ እንደሞተ ያወቀው ከሦስት ዓመት በኋላ ቤት ሲገባ ነው። በዚያው ቀን ሌላም ጠበቀው፦ ኤልሳቤጥ የምትባል ሴት ልጁ አራት ዓመት ሳይሞላት ሞታለች፣ እሱ ከመድረሱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1771።


ጥልፈኛዋ

መምህር፣ ይህን ነበር እኔ በቃል መግለጽ ያቃተኝ። በእያንዳንዱ መርከብ መነሻ አጠገብ አንድ ጨቅላ አለ። በወግ ቢሆን አራስ ቤት ሳትወጣ ነው ማለት እኮ ነው!


ወፍ_አልባ

ይቅርታ ክሩን ላበላሽ አይደለም ግን አንድ ነገር ያዝናናኛል። ሰውየው ሁለቱን ትልልቅ ልጆቹን፣ ጄምስንና ናትናኤልን፣ የኢንዴቨር መርከብ ሠራተኞች መዝገብ ላይ አስገብቷቸው ነበር። ቤታቸው ለንደን፣ ማይል ኤንድ ቁጭ ብለው! አንዱ አምስት ዓመት አልሞላውም፣ ሌላው አራት አልሞላውም። እና እኛ ነን በሌሉበት ደመወዝ መዝገብ ላይ ያሉ ሰዎችን የፈጠርነው?


ባሕረኛው

ልክ ነህ፣ አስገብቷቸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ልጅ ለሌተናነት ፈተና ለመቀመጥ ስድስት ዓመት ባሕር ላይ ማገልገሉ በመርከብ መዝገብ መታየት አለበት። ስለዚህ ካፒቴኖች ልጆቻቸውን፣ የወንድም ልጆቻቸውን፣ የወዳጅ ልጅ ሳይቀር «አገልጋይ» እያሉ ከሕፃንነታቸው ያስመዘግቡ ነበር። ደንቡ ይከለክላል፣ ሁሉም ያደርገዋል። እሱ ራሱ ግን ማንም ስሙን አላስመዘገበለትም፤ ከታች በእጁ ነው የወጣው። ልጆቹ ያን መንገድ እንዳይደግሙ ፈለገ። አባት ነውና አልፈርድበትም፣ መኮንን ነውና ደግሞ ሳልፈርድበት አልቀርም።


ፉትስክሬይ_ልጅ

እኔ ሜልበርን ነኝ። ከተማው መሃል ፊትዝሮይ ጋርደንስ በሚባለው መናፈሻ ውስጥ «የኩክ ጎጆ» የሚባል አለ። ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር መውሰዴ አይቀርም፤ እማዬን ወስጄያት «ይሄ ነው ለማየት ብር የከፈልነው? ጣሪያው እንኳ ሊነካን ነው» ብላኛለች።

ቤቱ የካፒቴኑ አይደለም፣ የወላጆቹ ነው። ግሬት አይተን በምትባል የዮርክሻየር መንደር የነበረ ነው፤ በር ላይ የአባትየውና የእናትየው የግሬስ ስም መጀመሪያ ፊደላትና 1755 የሚል ዓመት ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ጋሼ እንዳሉት እሱ በ1755 ባሕር ኃይል ገብቷል፤ እዚያ ኖሮበት ሊሆን አይችልም፣ ሊጠይቅ ቢመጣ ነው እንጂ። በ1930ዎቹ አንድ ባለሀብት ገዝቶ ድንጋዩን አንድ በአንድ ቁጥር ጽፈውበት፣ በ253 ሣጥንና በ40 በርሜል አሽገው በመርከብ አመጡት። ግድግዳው ላይ የነበረውን ሐረግ ሳይቀር ቆርጠው አምጥተው ተክለውታል።

ሰውየው ሜልበርንን በዓይኑ አላያትም። የአባቱ ቤት ግን እኛ ሰፈር መጣ።

ስለ አባትየው አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ፌብሩዋሪ 14 ሐዋይ ላይ ተገደለ። አባት ኤፕሪል 1 ቀን 1779 ሬድካር በምትባል የባሕር ዳር መንደር ሴት ልጃቸው አጠገብ አረፉ። ወሬው ገና እስያ አልደረሰም። ልጃቸው በሕይወት አለ ብለው ነው ያረፉት።


እንኮዬ

ፈጣሪ ለእሳቸው ያዘነላቸው ይመስላል። ለሚስትየው ግን አላዘነም።

በነገራችን ላይ ስለ አንተና አንቱ አንድ ደስ የሚል ወሬ አለ። ከመጀመሪያው ጉዞ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1771 መጨረሻ፣ ኤልሳቤጥን ይዞ ወደ ሰሜን አባቱን ሊጠይቅ ሄደ፤ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ጆርጅን። እግረ መንገዱን ዊትቢ የድሮ ጌታው ዎከር ዘንድ ወረደ። የቤቱ ሠራተኛ ሜሪ ፕራውድ ተለማማጅ ሳለ ማታ ማታ እንዲያነብ ሻማና ጠረጴዛ ታዘጋጅለት የነበረች ሴት ናት። ቤተሰቡ «አሁን ትልቅ መኮንን ነው፣ በክብር ተቀበይው፣ አንቱ በይው» ብለው አጥብቀው መክረዋታል። በሩ ሲከፈት ግን ሁሉ ነገር ጠፋባትና እጇን ዘርግታ «የኔ ማር ጄምስ! አንተን በማየቴ እንዴት ደስ አለኝ!» ብላ ተጠመጠመችበት ይባላል።

ይህን ሳነብ እኛን ያሳደገችን ሞግዚት ትዝ አለችኝ። ወንድሜ ዶክተር ሆኖ ሲመጣ «ዶክተር» ለማለት አፏ እምቢ ብሏት «ቡቹ» ብላ ነው የሳመችው።


ቆስቋሽ

ሁላችሁም እያለቀሳችሁ ነው፣ ጥሩ። እኔ ላልቅስ የምፈልገው ለሌላ ነው።

ኤፕሪል 29 ቀን 1770 ይህ የምታዝኑለት ሰው አውስትራሊያ ቦታኒ ቤይ ሲወርድ ባሕሩ ዳር ሁለት የግዌጋል ሰዎች (የቦታው ነባር ሕዝብ ናቸው) ቆመው «ሂዱ» አሏቸው። ሁለት ሰዎች፣ ጦር ይዘው፣ በጀልባ ከመጣ ብዙ ሰው ፊት። ተኮሰባቸው። አንዱን አቆሰሉት። ሰዎቹ ሲሸሹ ከጎጇቸው ከ40 በላይ ጦር ሰብስበው ወሰዱ። ከዚያ በፊት ባለው ኦክቶበርም ኒውዚላንድ በወረዱ በመጀመሪያው ቀን ቴ ማሮ የሚባል ሰው ተገድሏል። ሐዋይ ላይስ ለምን ሞተ? ጀልባ ተሰረቀብን ብሎ ንጉሡን ካላኒኦፑኡን ይዞ መርከብ ላይ ሊያግት ሲል ነው። በዚያች ቀን ከእሱና ከአራት ወታደሮቹ ሌላ ብዙ የሐዋይ ሰው ሞቷል። ለእነሱ ሰደሪያ የሚጠልፍ አልነበረም? የእነሱ ሚስቶች መርዶ አልደረሳቸውም?


ፉትስክሬይ_ልጅ

ቆስቋሽ ነገርህ ልክ ነው። እዚህ በየዓመቱ በጃንዋሪ የምንሰማው ክርክር ነው። በ2024 ሴንት ኪልዳ የቆመውን ሐውልቱን ከቁርጭምጭሚቱ ቆርጠው ጣሉት፤ ጫማው ብቻ ቆሞ አደረ።


ጥልፈኛዋ

ቆስቋሽ፣ አልከራከርህም። የጻፍከው ሁሉ ሆኗል። ሰውየውን ላጽድቅ ብዬ አይደለም ክር የከፈትኩት። የያዘኝ ሴትየዋ ናት፤ እሷ ማንም ላይ አልተኮሰችም። ይልቅ ስለ እነዚያ የሐዋይ ሴቶች ሐዘን የሚናገር ነገር ካነበብክ ጻፍልን፣ እውነቴን ነው። ለነገሩ ያ ሰደሪያ የተጠለፈበትን ልጥ ቀጥቅጣ ያለሰለሰችው የታሂቲ ሴት ናት። የእሷ ስም ደግሞ የትም የለም። ግማሹ ሥራ የእሷ ነው እኮ።


ቆስቋሽ

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ተቀበልኩ።


ጎንደሬው

ኩክ የአውስትራሊያን ዳርቻ ሲያስስ በዚያው በ1770 ጄምስ ብሩስ ጎንደር ቁጭ ብሎ...


ኮኮቤ

ጎንደሬው እያንዳንዱ ክር ጎንደር መድረስ የለበትም 😂


ኬምብሪጅ_ነርስ

እኔ የምሠራው ኬምብሪጅ ነው። ከሥራ ስወጣ የማልፍበት መንገድ ላይ ቅዱስ እንድርያስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከክራይስትስ ኮሌጅ ፊት ለፊት። ይህን ክር ካነበብኩ በኋላ ትናንት ገባሁ። ግድግዳው ላይ የቤተሰቡ ጽሑፍ አለ፤ የሁሉም ስም፣ አንዱም አልቀረም። የወር ልጅ የነበረው ጆሴፍም አለ። ቆሜ አነበብኩት፤ የሟቾች ስም ሲያልቅ መጨረሻ ላይ የእሷ ይመጣል።

መጀመሪያ መርዶው ጃንዋሪ 1780 መጣ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ናትናኤል ሄደ፤ 15 ዓመቱ ነው፣ ዕጩ መኮንን ሆኖ ተንደረር የምትባል 74 መድፍ የጫነች መርከብ ላይ ነበር። ካሪቢያን ላይ ከባድ አውሎ ነፋስ መርከቧን ከነሰዎቿ ዋጣት። አንድ ሰው አልተረፈም። በአንድ ዓመት ባልና ልጅ፣ ሁለቱም መቃብር የላቸውም። (የባሏን አስከሬን ከፊሉን የሐዋይ ሰዎች መልሰውላቸው እዚያው ወሽመጡ ውስጥ ነው የጣሉት።)

ከዚያ 13 ዓመት ጸጥ አለ። ሂዩ፣ ያ አባቱን የማያውቀው፣ እዚሁ ክራይስትስ ኮሌጅ ገባ። ባሕር እንዳይሄድ፣ ቄስ እንዲሆን ይመስለኛል የፈለገችው። ስካርሌት ፊቨር የሚባለው ትኩሳት ያዘውና በ17 ዓመቱ ሞተ። ቀኑን ልንገራችሁ? ዲሴምበር 21፣ 1793። ባሕረኛው ከላይ የጋብቻቸውን ቀን ስለነገሩን ነው የያዝኩት።

ወር ከአራት ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 25 ቀን 1794፣ የመጨረሻው ልጅ ጄምስ። 30 ዓመቱ ነው፣ ኮማንደር ደርሷል፣ ስፒትፋየር የምትባል መርከብ ተሰጥታዋለች። ከፑል ወደብ በክፍት ጀልባ መርከቧ ወዳለችበት ሲሄድ ነፋስ ገጠማቸው። አስከሬኑ ዋይት ደሴት ዳርቻ ተገኘ፣ ጭንቅላቱ ቆስሎ፣ ገንዘቡ ተወስዶ። ከጀልባው ሰዎች አንድም አልተገኘም። አምጥተው ከሂዩ አጠገብ ቀበሩት።

በነርስ ዓይን ነው የምናገረው፣ እንዲህ ያለ ሐዘን ሰውን በአልጋ ያስቀራል። እሷንም ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ አልጋ ላይ አስቀርቷታል ይላሉ። ግን ተነሣች። እስከ 1835 ኖረች። 93 ዓመቷ ነበር። ያለ ባል 56 ዓመት፣ ያለ ልጅ 41 ዓመት።

ቆስቋሽ ስላነሣው ጦር ደግሞ፦ ከእነዚያ ጦሮች አራቱ በ1771 እዚሁ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተሰጥተው ኖረዋል። ከሂዩ መቃብር ተነሥቼ በእግሬ ጥቂት ደቂቃ ነው። በ2024 ለባለቤቶቹ፣ ሲድኒ አጠገብ ላሉት የግዌጋል ዘሮች፣ ተመልሰዋል።


እንኮዬ

56 ዓመት። ከማን ጋር ኖረች?


ባሕረኛው

ከአጎቷ ልጅ ጋር። ዘመዷ አይዛክ ስሚዝ በልጅነቱ ኢንዴቨር ላይ ነበር። ቦታኒ ቤይ ላይ ጀልባዋ ዳር ስትደርስ ኩክ «ዝለል አይዛክ!» ብሎት በመጀመሪያ መሬቱን የረገጠው እሱ ነው የሚል ወሬ በቤተሰቡ አለ። በኋላ አድሚራል ሆኖ ጡረታ ወጣ፤ ክላፕሃም በሚባለው የለንደን ዳር አብረው ኖሩ። እሱንም ቀበረችው፣ በ1831።

ገንዘብ አልቸገራትም። ንጉሡ በዓመት 200 ፓውንድ ጡረታ ቆረጡላት፣ የጉዞው መጽሐፍ ሲሸጥም ድርሻ ነበራት። የሮያል ሶሳይቲ (የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ማኅበር) የወርቅ ሜዳልያም ለባሏ የተወሰነው እሱ ከወጣ በኋላ ኖቬምበር 1776 ላይ ስለሆነ እሱ አላየውም፣ እሷ ናት የተቀበለችው። የተሸለመው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስለ መርከበኞች ጤና የጻፈው ጽሑፍ ነው። የመርከቡን ሠራተኞች ከበሽታ ያዳነ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዲህ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ሁሌም ያናድደኛል። በ1775 ከሁለተኛው ጉዞ ሲመለስ ግሪኒች የጡረተኛ መርከበኞች ሆስፒታል ላይ ሹመት ተሰጥቶት ነበር፤ ደመወዝ አለው፣ መኖሪያ አለው፣ ባሕር የለበትም። ለድሮ ጌታው ለዎከር ሲጽፍ ግን ደቡቡ የምድር ክፍል በሙሉ አልበቃኝ ብሎ የነበርኩ ሰው በዚህ ግቢ ልወሰን ነው፣ ለእንደኔ ዓይነቱ ጠባብ ነው የሚል ነገር ጻፈ። ሦስተኛውን ጉዞ ማንም አላስገደደውም። ሚስቱ ሂዩን አርግዛ ሳለ ነው እሄዳለሁ ያለው። ባሕረኛ ነኝና ይገባኛል። ገብቶኝም ያናድደኛል።


ወፍ_አልባ

እሷ ምን አለች? ደብዳቤ የለም?


ጥልፈኛዋ

ወደዚያ ልመጣ ነበር። የለም። ለሞት ስትቃረብ የእሱን ደብዳቤዎች በሙሉ አቃጠለቻቸው። መጽሐፍ ላይ የመርከቡ ውሎ በየቀኑ አለ፣ ነፋሱ፣ ጥልቀቱ፣ የበሉት ጎመን ሳይቀር አለ። ለሚስቱ የጻፈው ግን አንድ ቃል የለም።

አንዳንድ ጸሐፊ ይህን ሲያነሣ ሊቆጣት ይዳዳዋል፤ «ለታሪክ ትልቅ ጥፋት» ምናምን ይላል። እኔ ደስ ነው ያለኝ። ካርታውን መንግሥት ወሰደው፣ ማስታወሻውን አሳታሚ ወሰደው፣ ሥጋውን ባሕር ወሰደው። የእሷ የነበረው ደብዳቤው ብቻ ነው።


ሒሳብ_መምህር

ከታሪክ አንጻር ግን እኔ አልስማማም። አንድ ሁለት ደብዳቤ ቢቀር ምን ነበረበት? አሁን እኛ ስለ እሷ የምናወራው ሁሉ «ይባላል» ነው።


እንኮዬ

መምህር፣ የእርስዎን የድሮ የፍቅር ደብዳቤ እዚህ ይለጥፉልንና እናወራለን።


ሒሳብ_መምህር

...ተሸነፍኩ።


ኬምብሪጅ_ነርስ

ያልተቃጠለ ነገር አለ። ከሬዞሉሽን እንጨት የመርከቧ ሠራተኞች የቀረጹላት የሬሣ ሣጥን ቅርጽ ያላት ትንሽ ሣጥን፣ የፀጉሩ ቁራጭ ያለበት። እሱም ሲድኒ ነው ያለው። በየዓመቱ አራት ቀን ደግሞ ትጾም ነበር ይባላል፦ ባሏና ሦስቱ ትልልቅ ልጆች የሞቱባቸውን ቀኖች፤ በሯን ዘግታ የእሱን መጽሐፍ ቅዱስ እያነበበች። ሙት ዓመት ማለት ነው እንግዲህ፣ ያለ ንፍሮና ያለ ቄስ።


ኮኮቤ

ዘር አልቀረም? የልጅ ልጅ?


ባሕረኛው

አልቀረም። ከስድስቱ አንዱም ልጅ አልተካም። ዛሬ የኩክ ዘመድ ነኝ የሚል ካለ በእህቱ በማርጋሬት በኩል ነው፤ እሷ ሬድካር ላይ ፍሌክ የሚባል ዓሣ አጥማጅ አግብታ ወልዳለች።


ሲድኒ_ማታ

ሰላም፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አንባቢ ነኝ፣ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ሲድኒ ነው የምኖረው፣ ያ ቤተ መጻሕፍት ከሥራዬ ሁለት ባቡር ጣቢያ ነው። ሰደሪያው ሁልጊዜ ለሕዝብ አይወጣም፤ ግን ጠይቄ ማየት ከቻልኩ ፎቶ አንሥቼ እለጥፍላችኋለሁ። ጥልፈኛዋ፣ ምኑን ላንሣልሽ?


ጥልፈኛዋ

እህቴ ተባረኪ! ፊቱን አይደለም፣ ፊቱ ፎቶ በየቦታው አለ። ከፈቀዱልሽ ጀርባውን። ጠላፊ የሚታወቀው በጀርባው ነው፤ ቋጠሮው የት እንዳለ፣ ክር ስትቀይር ጫፉን እንዴት እንደደበቀችው፣ እጇ የት ላይ ቸኩሎ የት ላይ እንደረጋ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጨረሻው ክር የተቋረጠበትን ቦታ ፈልጊልኝ። ቋጥራው ከሆነ፣ ወይስ እንደተንጠለጠለ ከሆነ።


ሲድኒ_ማታ

ሰኞ ስልክ እደውላለሁ።